እንሰት ለምን እንደ ሙዝ በራሱ አያቆጠቁጥም? ከበሽታ የተረፈውስ ለዘር ይሆናል?

የደረሰን ጥያቄ ይህ ነው፦ «የምኖረው አዲስ አበባ ነው። ለመስቀል ቸሃ አገር ቤት ወርጄ ነበር። እናቴ ጓሮ ውስጥ ሦስት እንሰቶች ቅጠላቸው ቢጫ ሆኖ፣ ጠውልገው ሞተዋል። እናቴ ከቀሩት ውስጥ ትልቁንና ያማረውን መርጣ በበጋው ልታራባ አስባለች። በሽታውን ያለፈ ስለሆነ ልጆቹም ይጠነክራሉ ትላለች። ልጄ ደግሞ 9ኛ ክፍል ነው። ሃይድራና እርሾ በማቆጥቆጥ ይራባሉ ተብሎ ተምሯል። እንሰትም ያው ነው ወይ? ከሆነስ፣ ሙዝ በራሱ ልጅ ሲያወጣ እንሰት ካልቆረጡት ለምን አያወጣም? አንድ ዘመዳችን ‹እንደ አቮካዶ አዳቅሉት› ይላል። ሌላው ‹ከፍሬው ዝሩ› ይላል። የቱን እናድርግ?»

የሚያስቸኩለውን ላስቀድም። እናትዎ ለማራባት ያሰቡትን እንሰት ዘንድሮ አይቁረጡት። ሦስቱ የሞቱት አጠውልግ በሚባለው የእንሰት በሽታ ከሆነ፣ ጎናቸው የቆመው እንሰት ጤነኛ መሆኑን በዓይን አይቶ ማረጋገጥ አይቻልም። የአጠውልግ ባክቴሪያ ተክሉ ውስጥ ገብቶ ምልክት ሳያሳይ ሊቆይ ይችላል። ያማረ ቅጠል ማስረጃ አይሆንም። እንዲህ ያለ እንሰት ለዘር ከተቆረጠ፣ ከአሚቾው፣ አፈር ውስጥ ከተቀበረው ወፍራም ክፍሉ፣ የሚወጡት ልጆች ከነበሽታው ሊወጡ ይችላሉ። ያኔ አንድ የታመመ እንሰት የነበረው ሰው ብዙ የታመሙ ችግኞች ይኖሩታል ማለት ነው።

መጀመሪያ በሽታው አጠውልግ መሆኑን ይለዩ። መጠውለግ በድርቅም፣ ፍልፈል አሚቾውን ሲበላውም ይመጣል። ከሚሞተው እንሰት የቅጠሉን አንገት ወይም ግንዱን ቆርጠው ጥቂት ደቂቃ ይጠብቁ። ወተት የመሰለ፣ ወደ ቢጫ የሚያደላ የሚያጣብቅ ፈሳሽ ከቁርጡ ላይ ነጠብ ነጠብ ብሎ ከወጣ አጠውልግ ነው ብለው ይያዙት። የቆረጡበትን ቢላዋ ግን በእሳት ሳያልፍ ሌላ ተክል አያስነኩት።

አሁን ወደ እናትዎ ሐሳብ ልምጣ፤ ይህን ሐሳብ ከብዙ ጎበዝ ገበሬዎችም እሰማዋለሁ። ይሁን፣ ያ እንሰት በእውነት በሽታው ያልነካው ነው እንበል። ልጆቹ ይጠነክራሉ? አይጠነክሩም። የሞቱት ሦስቱና የተረፈው የአንድ ዝርያ ከሆኑ፣ ለምሳሌ ሁሉም አስታራ ከሆኑ፣ በውርስ አንድ ናቸው። በአንድ ወቅት ከአንድ እናት የተቆረጡ ቅጂዎች ናቸው። የተረፈው የተሻለ ደም ስላለው አልተረፈም። ምናልባት ያ የተበከለ ቢላዋ እሱ ጋ አልደረሰም። ከብቱ የሱን ቅጠል አልገመጠም። ይህ ዕድል ደግሞ ለልጅ አይወረስም። ጓሮው ውስጥ ያሉት የተለያዩ ዝርያዎች ከሆኑና አንደኛው ዝርያ በተደጋጋሚ፣ በየጎረቤቱም ጭምር ሲተርፍ ከታየ ያ ሌላ ነገር ነው። እሱን ወደ ኋላ እመለስበታለሁ።

ይህ እንዲገባን የልጅዎን ትምህርት ማየት ይጠቅማል። ማቆጥቆጥ የሚለው ቃላችን ብዙ ሸክም አለበት። ባህር ዛፍ ተቆርጦ ከጉቶው ለጋ ሲያወጣ አቆጠቆጠ እንላለን። ሙዝ ከሥሩ ልጅ ሲያወጣም እንዲሁ። መማሪያ መጽሐፉ ደግሞ የሃይድራንም የእርሾንም በዚሁ ቃል ይጠራል። የባህር ዛፉ ከሁሉም ይለያል። ከቅርፊቱ ሥር ተኝተው የቆዩ እምቡጦች ነቁ እንጂ ዛፉ አልተራባም። ሥሩ ያው አንድ ነው፤ አንድ ዛፍ ነበረ፣ አሁንም አንድ ዛፍ ነው። መራባት የምንለው አዲሱ ከእናቱ ተለይቶ በራሱ መኖር ሲችል ነው።

ሃይድራ ይህንን በጣም ጥርት አድርጋ ታሳየናለች። በኩሬና በዝግታ በሚሄድ ጅረት ውስጥ ቅጠልና ድንጋይ ላይ ተጣብቃ የምትኖር፣ ርዝመቷ አንድ ሴንቲሜትር ገደማ የሆነች ለስላሳ እንስሳ ናት። አካሏ ቱቦ ነው። በአንዱ ጫፍ ትጣበቃለች፣ በሌላው ጫፍ አፍ አላት፣ በአፏ ዙሪያ ቀጫጭን ክንዶች አሉ። በደንብ ስትበላ ከወገቧ ዝቅ ብሎ ትንሽ እባጭ ይወጣል። የእባጩ ውስጥ ከእናቲቱ ሆድ ጋር የተገናኘ ነው። እናቲቱ የዋጠችው ምግብ ወደ ልጅቷም ይደርሳል። ከዚያ ክንዶችና አፍ ይወጡላታል። በመጨረሻ የተያያዙበት ቦታ ይጠብና ልጅቷ ትላቀቃለች። ነገሩ በሙሉ ከጥቂት ቀናት አያልፍም። የወንድ ዘር የለ፣ እንቁላል የለ። የእናቲቱ ሕዋሳት ራሳቸው ተባዝተው ሌላ አካል ሠሩ።

ይህችን እንስሳ መጀመሪያ በደንብ ያጠናት የጄኔቫው ተወላጅ አብርሃም ትራምብሌ ነው። እ.ኤ.አ. በ1740 ሆላንድ ውስጥ ሄግ አካባቢ የአንድ መስፍን ልጆች አስተማሪ ነበር። ከኩሬ ባመጣው ውሃ ውስጥ ሃይድራዎችን አይቶ ተክል ይሁኑ እንስሳ መለየት አቃተው። ለሁለት ቆረጣት። ሁለቱም ቁራጮች የጎደላቸውን ሠርተው ሙሉ ሃይድራ ሆኑ። እንደ ተክል ትቆረጣለች፣ እንደ ተክል ታቆጠቁጣለች፣ ግን እያደነች ትበላለች፣ ትራመዳለች። ግኝቱን እ.ኤ.አ. በ1744 በመጽሐፍ አሳተመው። እኔ ይህን ታሪክ የምወደው ከልጅዎ ጥያቄ ጋር ስለሚገጥም ነው። ተክልና እንስሳ በዚህ ነጥብ ላይ ይመሳሰላሉ ወይ ብሎ መጠየቅ ድሮም ብልህ ሰዎችን ያስጨነቀ ጥያቄ ነው።

እርሾን ባጭሩ ልለፈው። እርሾ ተክልም እንስሳም አይደለም፤ ከፈንገስ ወገን የሆነ ባለ አንድ ሕዋስ ፍጡር ነው። ከእናቲቱ ሕዋስ ጎን ትንሽ ጉብታ ይወጣል፣ ያድጋል፣ ይላቀቃል። በተመቸ ሙቀትና ምግብ የዳቦ እርሾ ይህንን በአንድ ሰዓት ተኩል ገደማ ይጨርሰዋል። በእናቲቱ ግድግዳ ላይ የተላቀቀበት ቦታ ጠባሳ ሆኖ ይቀራል። ጠባሳውን በማይክሮስኮፕ ቆጥሮ ስንት ጊዜ እንደወለደች ማወቅ ይቻላል። አንዲት እናት ሕዋስ ከሃያ እስከ ሠላሳ ጊዜ ያህል ወልዳ ታቆማለች። ልጅዎ ይህን ለፈተና ቢይዘው ጥሩ ነው፤ ሃይድራ ብዙ ሕዋስ ያላት እንስሳ ስትሆን እርሾ አንድ ሕዋስ ብቻ ነው። ቃሉ አንድ ቢሆንም ሥራው በሁለት ደረጃ ነው የሚሠራው።

እንሰት ከሁለቱም የሚጋራው ዋናውን ነገር ነው፤ ልጆቹ የእናታቸው ቅጂ ናቸው። አሠራሩ ግን የተክል ነው። እዚህ ላይ መታረም ያለበት አንድ ትልቅ ስህተት አለ። ቆሞ የምናየው ወፍራም ግንድ በእውነቱ ግንድ አይደለም። አንዱ በአንዱ ላይ የተጠቀለለ የቅጠል አንገት ነው። ቆጮ የሚሆነውን የምንፍቀው ከዚያ ነው። ብዙ ሰው ሥር የሚለው አሚቾ ደግሞ ሥር አይደለም። የእንሰቱ እውነተኛ ግንድ እሱ ነው፤ አፈር ውስጥ የተቀበረ አጭር ወፍራም ግንድ። ሥሮቹ ከሱ ላይ የሚወጡት ቀጫጭን ገመዶች ናቸው። አሚቾ ግንድ ስለሆነ ነው እምቡጥ ማውጣት የሚችለው። የድንች ዓይን የምንለውም እንዲሁ የግንድ እምቡጥ ነው።

በአሚቾው አናት መሃል ላይ አንድ ዋና እምቡጥ አለ። ቅጠሎች በሙሉ የሚወጡት ከሱ ነው። ይህ እምቡጥ ኦክሲን የሚባል ሆርሞን እያመረተ ወደ ታች ይልካል። ሆርሞኑ በአሚቾው ዙሪያ ሌሎች እምቡጦች እንዳይነሱ ያፍናቸዋል። ዋናው እምቡጥ በሕይወት እስካለ ሌሎቹ ዝም ይላሉ። በሙዝም ይህ ሆርሞን አለ፤ ግን የሙዝ የጎን እምቡጦች ከእናቱ አፈና በቀላሉ ያመልጣሉ። ስለዚህ ሙዝ በራሱ ልጅ ያወጣል፤ እናቱ ፍሬ ሰጥታ ስትሞት ልጁ ቦታዋን ይይዛል። የእንሰት አፈና በጣም ጠንካራ ነው። እንሰት ብቻውን ያድጋል፣ ከዓመታት በኋላ አንድ ጊዜ ያብባል፣ ፍሬ ያፈራል፣ ይሞታል። በዱር ያለው እንሰት የሚራባው በፍሬው ብቻ ነው። ሙዝና እንሰት የአንድ ቤተሰብ ልጆች ናቸው፤ በዚህ ጠባይ ግን ይለያያሉ።

የእናትዎ እጅ የሚሠራው ይህንን አፈና ማንሳት ነው። በዕድሜው ከሁለት እስከ አራት ዓመት የሆነ እንሰት ይመረጣል። ግንዱ ከአሚቾው ትንሽ ከፍ ብሎ ይቆረጣል። መሃሉ ያለው ዋና እምቡጥ ተፍቆ ይወጣል። አሚቾው ሙሉውን ወይም ለሁለት፣ ለአራት ተሰንጥቆ፣ ቁስሉ ትንሽ እስኪደርቅ ተትቶ ይቀበራል። ትእዛዝ የሚሰጠው ሲጠፋ የታፈኑት እምቡጦች ይነሳሉ። ከሁለት ከሦስት ወር በኋላ ልጆቹ አፈሩን ሰንጥቀው ይወጣሉ። ከአንድ አሚቾ በአሥሮች የሚቆጠር፣ አንዳንዴም ከመቶ በላይ ቡቃያ ይገኛል። ሆርሞን የሚባል ነገር በመጽሐፍ ከመጻፉ እጅግ ቀደም ብሎ እናቶቻችን የትኛው ነጥብ መውጣት እንዳለበት ያውቁ ነበር። ይህንን እውቀት በጣም አከብረዋለሁ። ስለዚህ ዛሬ የምለው በዘዴያቸው ላይ ምንም የሚቀንስ አይደለም። ምርጫው ላይ ብቻ ነው።

መሃሉን ሳያወጡ የሚቀብሩም አሉ። ያኔ ዋናው እምቡጥ ተመልሶ አንድ ግንድ ብቻ ይሰጣል፣ ወይም ልጆቹ ጥቂትና ደካማ ይሆናሉ። ብዙ ሰንጥቆ መቅበርም ትርፍ አይደለም። ቁራጩ ባነሰ ቁጥር ለቡቃያው ያለው ስንቅ ያንሳል፣ የመበስበስ ዕድሉም ይጨምራል። ለቤት ጓሮ ሙሉውን ወይም ለሁለት መሰንጠቅ ይበቃል።

የዘመድዎን ምክር ላንሳ። «እንደ አቮካዶ አዳቅሉት» የሚለው ሁለት ጊዜ ስህተት አለበት። አንደኛ፣ አቮካዶው ራሱ አልተዳቀለም። የችግኝ ጣቢያዎች የተዳቀለ የሚሉት በእውነቱ የተቀጠለ ነው። ማዳቀል ማለት የአንዱን የአበባ ብናኝ ከሌላው ጋር አገናኝቶ፣ ከሁለቱ የተቀላቀለ አዲስ ዘር ማግኘት ነው። መቀጠል ግን ከጥሩ ዛፍ ላይ ቀንበጥ ወይም አንዲት እምቡጥ ቆርጦ በሌላ ችግኝ ግንድ ላይ ማጣበቅ ነው። ከታች ያለው ሥር ይሰጣል፣ ከላይ ያለው ፍሬውን ይወስናል፤ ውርሳቸው አይቀላቀልም። ዛሬ በዓለም ገበያ የሚሸጠው ሃስ አቮካዶ በሙሉ ካሊፎርኒያ ውስጥ በአንድ ሰው ጓሮ ከበቀለ አንድ ዛፍ የመጣ ነው። ባለቤቱ ሩዶልፍ ሃስ እ.ኤ.አ. በ1935 የባለቤትነት መብት አወጣበት። እናት ዛፉ እ.ኤ.አ. በ2002 ሞተ። ቅጂዎቹ ግን በየአገሩ፣ እኛም ጋ፣ እያፈሩ ነው። ይህም ያው በእምቡጥ መራባት ነው፤ ልዩነቱ የሰው እጅ መግባቱ ብቻ ነው።

ሁለተኛ፣ እንሰትን እንደ አቮካዶ መቀጠል አይቻልም። መቀጠል የሚሠራው በቅርፊትና በእንጨት መካከል ባለች ስስ አዳጊ ሽፋን ነው። የሁለቱ ሽፋን ሲገናኝ ይጣበቃል። እንሰት፣ ሙዝ፣ በቆሎና ሣር ባለ አንድ ክክ ተክሎች ናቸው፤ ይህች ሽፋን የለቻቸውም። ገንዘብ ተቀብሎ እንሰት እቀጥላለሁ የሚል ካገኙ ገንዘብዎን ይያዙ።

ከፍሬ መዝራትስ? ይቻላል፤ ለእናትዎ ጓሮ ግን አልመክረውም። ፍሬ ለማግኘት እንሰቱ እስኪያብብና እስኪያፈራ ዓመታት መጠበቅ አለበት። ገበሬው ደግሞ ሊያብብ ሲል ወይም እንዳበበ ነው የሚፍቀው፤ ምርቱ ጥሩ የሚሆነው ያኔ ነውና። የፍሬው ቅርፊት በጣም ጠንካራ ነው፤ ብቅለቱ ዝግተኛና ያልተስተካከለ ነው። ከሁሉም በላይ ከፍሬ የሚወጣው ልጅ እናቱን አይመስልም። የአስታራ ፍሬ አስታራ አይሆንም። የቆጮው ጥራት፣ የቃጫው ብዛት፣ የእድገቱ ፍጥነት ምን እንደሚሆን ማንም አስቀድሞ ሊነግርዎ አይችልም።

ግን የፍሬን ዋጋ ዝቅ አድርጌ ማለፍ አልፈልግም። ሃይድራም ሲመቻት ታቆጠቁጣለች፤ ብርድ ሲመጣ ወይም ሲከፋባት ደግሞ የወንድና የሴት ዘር አውጥታ ጠንካራ ሽፋን ያለው እንቁላል ትጥላለች። ምክንያቱ ግልጽ ነው። ኑሮ ሲመች እንዳለ መገልበጥ ያዋጣል። ኑሮ ሲለወጥ ግን የተለያየ ልጅ መኖሩ ይጠቅማል፤ አንዱ ቢወድቅ ሌላው ይቆማል። እንሰትም በደቡብ ምዕራብ ጫካዎቻችን ውስጥ በፍሬ እየተራባ የሚኖር የዱር ወገን አለው። በሽታ የሚቋቋም አዲስ ዝርያ ከተፈለገ መንገዱ በፍሬ በኩል ነው። ያ ግን ዓመታት የሚፈጅ የምርምር ሥራ ነው። ወላይታ ያለው የአረካ ግብርና ምርምር ማዕከል ከተለያየ አካባቢ የተሰበሰቡ በመቶ የሚቆጠሩ የእንሰት ዝርያዎችን የሚጠብቀውም ለዚህ ነው።

ሁሉንም በአንድ ቅጂ ላይ ማስቀመጥ ምን እንደሚያስከትል ሌሎች አገሮች አይተውታል። አየርላንድ ውስጥ እ.ኤ.አ. ከ1845 ጀምሮ የድንች ዋግ ሲገባ፣ ድሃው ገበሬ በብዛት የተከለው አንድ ዓይነት ድንች ነበር። ሁሉም አብሮ በሰበሰ። ከሚሊዮን የማያንስ ሰው በረሃብና በበሽታ አለቀ። በ20ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ደግሞ ግሮስ ሚሼል የሚባለው ለውጭ ገበያ የሚቀርብ ሙዝ በአፈር ወለድ ፈንገስ ከገበያ ወጣ። በቦታው ካቨንዲሽ ገባ። ካቨንዲሽም ቅጂ ነው፤ አሁን የዚያው ፈንገስ ሌላ ዝርያ እያሳደደው ነው።

እኛ ጋ ከዚህ የሚያድነን አንድ ነገር አለ። የጉራጌ፣ የሲዳማ፣ የወላይታ፣ የሀዲያ እናት ጓሮዋ ውስጥ አንድ ዓይነት እንሰት ብቻ አትተክልም። ለቆጮ፣ ለቡላ፣ ለቃጫ፣ ቀቅሎ ለሚበላ አሚቾ፣ ለተሰበረ አጥንት እያለች ብዙ ስም ያላቸው ዝርያዎችን ታቀላቅላለች። እያንዳንዱ ዝርያ ቅጂ ነው፤ ጓሮው ግን ድብልቅ ነው። አሁን የማየው አደጋ ይህ ድብልቅ እየሳሳ መምጣቱ ነው። ልጆች ከተማ ሲኖሩ፣ ጓሮው ሲጠብ፣ ቶሎ የሚደርሱት ሁለት ሦስት ዓይነቶች ብቻ ይቀራሉ። እናትዎ ጋ ስንት ዓይነት እንዳለ ስማቸውን እየጠየቁ ይጻፉልኝ ብል ደስ ይለኛል። ለእርስዎም ይጠቅማል።

አጠውልግ ደግሞ አዲስ አይደለም። ባክቴሪያው መጀመሪያ በሳይንስ የተገለጸው እዚሁ ኢትዮጵያ ውስጥ፣ በእንሰት ላይ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1968 በዳኛቸው ይርጉና በብራድበሪ። በኋላ በኢትዮጵያ ሙዝ ላይም ታየ፤ እ.ኤ.አ. በ2001 ደግሞ ኡጋንዳ ውስጥ ሙዝ ላይ ተገኝቶ ወደ ጎረቤት አገሮች ተስፋፋ። በቁስል ነው የሚገባው። ቅጠል የተቆረጠበት፣ ሥሩ የተነካበት፣ ከብት የገመጠው ቦታ በር ይሆነዋል። ዋናው አጓጓዡ ግን ቢላዋና የተበከለ ቡቃያ ነው። ጎረቤት ተጠራርቶ ሲፍቅ አንዱ ቢላዋ ስንት ጓሮ እንደሚዞር ያውቃሉ።

ተክሉን የሚያድን መድኃኒት የለም። ይህንን ደግሜ ልበል፤ የሚረጭ፣ የሚወጋ፣ ሥሩ ላይ የሚፈስ የሚያድን ነገር የለም። ገበያ ላይ የሚሸጡልዎ ካሉ አይግዙ። ሙሉ በሙሉ የማይነካ ዝርያም የለም። ሻል ብለው የሚቋቋሙ ግን አሉ። በወላይታ ማዚያ የሚባለው በዚህ የታወቀ ነው፤ አርኪያ የሚባለው በተቃራኒው ቶሎ ይወድቃል። ልብ ይበሉ፣ መቋቋም ማለት አለመያዝ ማለት አይደለም። ማዚያም በቆሸሸ ቢላዋ ከተቆረጠ ሊታመም ይችላል። ከላይ እመለስበታለሁ ያልኩትም ይኸው ነው። ለዘር የሚመረጠው ዝርያ ነው፤ አንድ የተረፈ ተክል አይደለም።

በቤተ ሙከራ ከጥቂት ሕዋሳት የሚባዛ ችግኝም አማራጭ ነው። መነሻው ንጹሕ ከሆነ ንጹሕ ችግኝ ይሰጣል። ገደቡ ሁለት ነው። እንደ ሙዝ በየቦታው አይገኝም፣ ጓሮ ከገባ በኋላም ከሌላው እኩል ይታመማል። ካገኙ ይውሰዱ፤ ካላገኙ ግን የእናትዎ ዘዴ በንጹሕ አሚቾ ከተሠራ በቂ ነው።

ስለዚህ የምመክረው እንዲህ ነው። የሞቱትን ሦስቱን ከነአሚቾአቸው ነቅለው፣ እዚያው አቅራቢያ ጥልቅ ጉድጓድ ቆፍረው ይቅበሩ። እየጎተቱ ጓሮውን አያዙሩ፣ ወንዝ ውስጥ አይጣሉ፣ ለከብት አይስጡ። ከሞተው እንሰት ትንሽ እንኳን ለማትረፍ የሚፍቁ አሉ። ባክቴሪያው ሰውን አያሳምምም፤ ችግሩ ፍቂያው ራሱ በሽታውን በየእጁና በየቢላዋው መበተኑ ነው። ሦስቱ የነበሩበት ቦታ ላይ ቢያንስ ለአንድ ዓመት እንሰትም ሙዝም አይትከሉ። ጎመን፣ ድንች ወይም ባቄላ ይሁንበት።

ቢላዋውን ከአንድ እንሰት ወደ ሌላ ሲሄዱ ሁልጊዜ በእሳት ያሳልፉት፤ በጣም እስኪግል። እሳት ከሌለ አንድ እጅ በረኪና በአምስት እጅ ውሃ በጥብጠው ይንከሩት፣ መጀመሪያ ግን ጭቃውን ያጥቡ። በረኪና በቆሸሸ ብረት ላይ ኃይሉ ይጠፋል። ለዚህ ጓሮ የሚሆን አንድ ቢላዋ ለይተው ለእናትዎ ይግዙላቸው። ለጎረቤት የማይሰጥ፣ ከጎረቤትም የማይመጣ። ይህ በአገራችን ባህል ከባድ እንደሆነ አውቃለሁ። ጎረቤቶቹን ሰብስበው ምክንያቱን ቢያስረዷቸው ግን ቢላዋ መከልከል ቂም አይሆንም፤ እነሱም ያደርጉታል።

ለማራባት የሚሆነውን እናት አሚቾ ከሌላ ሰፈር ያምጡ። ቢያንስ ባለፉት ሁለት ዓመታት አጠውልግ ካልታየበት ጓሮ ይሁን፤ ባለቤቱን ብቻ ሳይሆን አጠገቡ ያሉትንም ይጠይቁ። የወረዳው የግብርና ባለሙያ የትኛው ቀበሌ ንጹሕ እንደሆነ ሊነግርዎ ይችላል። አንድ ዓይነት ብቻ አያምጡ። ሦስት ወይም አራት የተለያየ ዝርያ ይሁን፤ ከነሱ ቢያንስ አንዱ በዚያ አካባቢ ሰው አጠውልግን ይችላል የሚለው ይሁን። ሰው ሲል እናቶችን ማለቴ ነው፤ የትኛው ዝርያ ስንት ጊዜ እንደወደቀ የሚያስታውሱት እነሱ ናቸው። አሚቾው ሲቆረጥ ውስጡ ነጭና ጥርት ያለ መሆን አለበት። ቡናማ ወይም ቢጫ ሥርጭት ካለበት፣ የሚያጣብቅ ፈሳሽ ካወጣ ይመልሱት። ከፍለው ከሆነም ይተዉት።

የሚቀበረው በበጋው፣ የበልጉ ዝናብ ከመግባቱ በፊት ነው። ስለዚህ ጊዜ አለዎት፤ መቻኮል አያስፈልግም። ከድሮዎቹ እንሰቶች የራቀ፣ ውሃ የማይቋጥር ቦታ ይምረጡ። ጉድጓዱ ውስጥ የበሰበሰ ፍግ ያድርጉ። ልጆቹ ከወጡ በኋላ አንድ ዓመት ያህል አብረው ይቆያሉ፤ ከዚያ ተለያይተው እየተራራቁ ይተከላሉ። በዚያ ዓመት አንዱ ልጅ እንኳን ቢጠወልግ ከዚያ አሚቾ የወጡትን በሙሉ ያስወግዱ። የተረፉት ያምራሉ ብለው አይለዩ። አንድ አካል ነበሩ፤ አንዱ ውስጥ ያለው ሌሎቹም ውስጥ ሊኖር ይችላል።

በጓሮው የቀሩትን የድሮ እንሰቶች ያሳድጓቸው፣ ሲደርሱም በተራቸው ይፋቁ። ለምግብ ይሆናሉ፣ ለዘር ግን አይሆኑም። ጓሮው ሁለት ዓመት ሙሉ አንድም ጠውላጋ ሳያሳይ እስኪያልፍ ድረስ ከዚያ አንድ ቡቃያም ለጎረቤት፣ ለዘመድም ቢሆን አይስጡ።